ቡና ባለበት ምድር ሥራ ለምን ይጠፋል? የጅማና የአካባቢዋ ወጣቶች የሥራ ጅማሮ

ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያሉት ወራት ለጅማና በዙሪያዋ ለሚገኙ የቡና ከተሞች የዓመት ድካም የሚመዘንባቸው ናቸው። በጎማ፣ በማና፣ በጌራ፣ በሊሙና በሰቃ እሸት ቡና ይለቀማል፤ የማጠቢያ ጣቢያዎች ሌሊቱን ሲሠሩ ያድራሉ፤ የማድረቂያ አልጋዎች ይሞላሉ፤ ከሩቅ ወረዳዎች የመጡ ለቃሚዎች በየመንደሩ ይሰማራሉ። የአጋሮና የሊሙ ገነት ገበያዎች ይደምቃሉ። በእነዚሁ ወራት ግን የትምህርት ማስረጃቸውን ቅጂ ይዘው ከቢሮ ወደ ቢሮ የሚመላለሱ፣ በማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር የሚቆሙ ወጣቶች በጅማ ጎዳናዎች ላይ አይጠፉም። አባት «ለቃሚ አጣሁ» ሲል ልጅ «ሥራ አጣሁ» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ጉዳዩ ለቤተ ክርስቲያን ሩቅ አይደለም። በሰንበት ትምህርት ቤት ያደጉ፣ በግቢ ጉባኤ ተምረው የተመረቁ፣ በየአጥቢያው በመዘምርነትና በልዩ ልዩ አገልግሎት የሚፋጠኑ ልጆች ከትምህርት ወደ ሥራ በሚሸጋገሩባቸው ጥቂት ዓመታት ውስጥ ከፊታችን ይሰወራሉ። አንዳንዱ በተስፋ መቁረጥ፣ አንዳንዱ በስደት፣ አንዳንዱም ሥራ አግኝቶ በሥራው በመዋጥ ከአገልግሎት ይርቃል። ስለዚህ ወጣቶቻችን ለሥራ ያላቸውን አመለካከትና የሚገጥማቸውን እውነታ አጣምረን ልንመረምር ይገባናል። ሽማግሌዎች «የዛሬ ልጅ ሥራ አይወድም» ይላሉ፤ ወጣቶች «ሥራውስ የት አለ?» ብለው ይመልሳሉ። አንዱን ብቻ ሰምቶ መፍረድ ለምክርም ለመፍትሔም አይበጅም።

የቡናው ገንዘብና የትምህርቱ መሰላል

ሀገራችን በ2016 በጀት ዓመት ወደ 298 ሺህ ቶን የሚጠጋ ቡና ወደ ውጭ ልካ 1.43 ቢሊዮን ዶላር አግኝታ ነበር። በ2017 በጀት ዓመት መጠኑ ከ468 ሺህ ቶን በላይ ሲሆን ገቢውም ወደ 2.65 ቢሊዮን ዶላር አድጓል። በዚህ ላይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ የቡና ዋጋ በብር ሲታይ እጅግ ከፍ ብሏል። ይህ ሁሉ ከታየ በቡና ከተሞች የሥራ ጥያቄ ሊነሣ አይገባም ነበር ያሰኛል።

ሆኖም የዋጋ መጨመር በራሱ የሥራ ዕድል አይሆንም። የኢትዮጵያ ቡና በአብዛኛው የሚመረተው አነስተኛ ማሳ ባላቸው ገበሬዎች ነው። አንድ አባት ያለው ማሳ ለአምስትና ለስድስት ልጆች ቢከፋፈል ለማንኛቸውም ኑሮ አይሆንም። ዛፎቹም ብዙዎቹ ያረጁ ናቸው። የሀገራችን አማካይ ምርት በሄክታር 7 ኩንታል ገደማ ሲሆን በቬትናም ከ20 ኩንታል ይበልጣል። ገንዘቡም ቢሆን የሚመጣው በለቀማው ወራት ብቻ ነው፤ ለቀሪዎቹ ወራት የሚተርፈው ጥቂት ነው። ወጣቱ የአባቱን ማሳ ትቶ ወደ ከተማ የሚያየው ሁልጊዜ ስንፍና ይዞት አይደለም፤ የድርሻውን ስፋት በዓይኑ ለክቶ ነው።

በሌላ በኩል ያለው መሰላል የትምህርት መሰላል ነው። እርሱም ጠቧል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ቢልም ከመቶ ተፈታኞች ከዘጠና የሚበልጡት አሁንም በቀጥታ ወደ ዩኒቨርሲቲ አይገቡም። የገቡትም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ይጠብቃቸዋል። እንግዲህ «ተምሮ ቢሮ መግባት» የሚለውን አንድ መንገድ ብቻ እያሳየን ልጆችን ስናሳድግ ብዙኃኑን ገና በ18 ዓመታቸው «የወደቁ» ብለን እየሰየምናቸው ነው። ለሥራ ያላቸው አመለካከት የሚበላሸው በዚህ ስም ነው። የሚሠሩት ሁሉ «ፈተና ስለወደቅሁ የማደርገው» እየሆነባቸው ከልብ አይሠሩትም።

በጅማ ይህ ይበልጥ ሊያስገርም ይገባል። የዛሬው ጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. ከሁለት ተቋማት ውሕደት የተመሠረተ ሲሆን ከሁለቱ ቀዳሚው እ.ኤ.አ. በ1952 የተከፈተው የእርሻ ትምህርት ቤት ነው። የከተማዋ የከፍተኛ ትምህርት ታሪክ ከእርሻ ተነሥቶ ሳለ በከተማዋ ዛሬ ወደ እርሻ መመለስ እንደ ውድቀት መቆጠሩ፣ ችግሩ በእውቀት እጥረት ብቻ ሳይሆን በክብር አሰጣጣችንም ላይ እንዳለ ያሳያል።

አራት ዝንባሌዎች

በወጣቶቻችን ዘንድ ጎልተው የሚታዩ አራት ዝንባሌዎች አሉ።

የመጀመሪያው መጠበቅ ነው። ብዙ ተመራቂ የመንግሥት ሥራ እስኪወጣ ይጠብቃል። ምክንያት የሌለው አይደለም፤ የመንግሥት ሥራ ጡረታ አለው፤ ለጋብቻ ያስከብራል፤ ቤተሰብም የሚያውቀው እርሱን ነው። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በተደረገው ማስተካከያ የጀማሪ ባለ መጀመሪያ ዲግሪ የመንግሥት ሠራተኛ የወር ደመወዝ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ነገር ግን የሚወጣው የሥራ መደብ ከሚመረቀው ሰው ጋር አይመጣጠንም። ጅማ በ2011 ዓ.ም. የተመረቀ የኢንዱስትሪ ፓርክ አላት፤ እርሱም ብቻውን የየዓመቱን ተመራቂ ሊቀበል አይችልም። በጥበቃ ሁለትና ሦስት ዓመት ሲያልፍ የተማሩት ይረሳል፤ ልብ ይዝላል፤ ቀጣሪም «እስካሁን ምን ስትሠራ ነበር?» ይላል። ስለዚህ መጠበቅ ራሱ ዋጋ ያስከፍላል።

ሁለተኛው የእጅ ሥራን መናቅ ነው። ይህ ወጣቶች የፈጠሩት ሳይሆን ከእኛ የወረሱት ነው። ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪውንና ፋቂውን በሥራው ስም ስንሰድብ የኖርን ሕዝብ ነን። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሙያተኛን መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ እስከ ማውጣት የደረሱት በሽታው ሥር የሰደደ ስለነበር ነው። ከአንድ ግንድ ተጠርቦ የሚሠራውን የጅማ በርጩማ በየሳሎናችን እናስቀምጣለን፤ ልጃችን ጠራቢ ልሁን ቢለን ግን እናዝናለን። እቃውን እያከበርን ሠሪውን መናቅ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ሦስተኛው ፈጥኖ ማግኘትን መሻት ነው። የቡና ወቅት ሲደርስ በድለላ መካከል ገብቶ በአንድ ቀን የሚገኝ ገንዘብ፣ በየመንገዱ የተከፈቱ የእግር ኳስ ውርርድ ቤቶች፣ ከቀትር በኋላ ያለውን ሰዓት የሚበላው የጫት መቃሚያ አንድ ልማድ ያስተምራሉ። ይኸውም ሀብት ከድካም ጋር ግንኙነት የለውም የሚለው ነው። አበው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ። በውርርድ የሚጠፋው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ በትንሽ ገቢ ጀምሮ የማደግ ትዕግሥት አብሮ ይጠፋል።

አራተኛው መሄድ ነው። ከጅማና ከአካባቢዋ ብዙ ወጣት ሴቶች ወደ ዐረብ ሀገራት ለቤት ሠራተኝነት ይሄዳሉ። እነዚህን እኅቶች «ሥራ የማይወዱ» ሊላቸው የሚችል ማንም የለም። በሀገራቸው የናቁትን ሥራ በሰው ሀገር ይሠራሉ ብለን ከመውቀሳችን በፊት በሀገራቸው ለዚያው ሥራ ምን ያህል ይከፈላቸው እንደነበረ፣ ምን ያህልስ ይከበሩ እንደነበረ መጠየቅ ይገባናል። ቡና በሚበጠርባቸው መጋዘኖች ጎንበስ ብለው ከማለዳ እስከ ማታ የሚለቅሙት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው፤ ሥራቸውም ወቅቱ ሲያልፍ ያልፋል። ለመሄድ የወሰነች እኅት በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ ሀገር ሥራ ስምሪት ዐዋጅና ማሻሻያው በሚፈቅደው ሕጋዊ መንገድ ብቻ እንድትሄድ፣ ውሏን አንብባ እንድትፈርም ማስተማር የንስሓ አባትም የቤተሰብም ግዴታ ነው።

የቀጣሪው ወገን

ወጣቱን ብቻ መክሮ መመለስ ግማሽ ሥራ ነው። የመጀመሪያ ሥራ ላይ የሚደረግ በደል ለዘለቄታው ለሥራ ያለንን አመለካከት ይቀርጻልና። ለጀማሪ በወጣ ማስታወቂያ ላይ የሁለት ዓመት ልምድ የሚጠይቅ፣ «ሙከራ ላይ ነህ» እያለ ለወራት በጥቂት ብር የሚያሠራ፣ ቦታውን አስቀድሞ ለዘመድ ሰጥቶ ሲያበቃ ለይምሰል የሚያወዳድር ቀጣሪ ወጣቱን «ትጋት አይጠቅምም» ብሎ እያስተማረው ነው።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ዐዋጅ ቁጥር 1156 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት እንዳይበልጥ፣ መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8 በሳምንትም ከ48 ሰዓት እንዳያልፍ ደንግጓል። ለአንድ ዓመት የሠራ ሠራተኛ 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ አለው። የሳምንት ዕረፍትም በተቻለ መጠን እሑድ እንዲሆን ሕጉ ያዛል። ወጣቶቻችን ብዙዎቹ ይህን ሳያውቁ ሥራ ይጀምራሉ። ዝቅተኛውን የደመወዝ ወለል የሚወስን ቦርድ እንዲቋቋም በዚሁ ዐዋጅ ቢደነገግም ወለሉ ለዓመታት ሳይወሰን ቆይቷል። ስለዚህ በግሉ ዘርፍ ያለው ጀማሪ የሚተማመነው በቀጣሪው ኅሊና ላይ ነው።

የምእመናን ኅሊና የሚፈተነውም እዚህ ላይ ነው። ከምእመናን መካከል የቡና አቅራቢዎች፣ የመጋዘን ባለቤቶች፣ ነጋዴዎችና የሆቴል ባለቤቶች አሉ። ሐዋርያው ቅዱስ ያዕቆብ በእርሻ የደከሙ ሠራተኞች የተቀማ ደመወዝ እንደሚጮኽና ጩኸቱም ከእግዚአብሔር ጆሮ እንደሚደርስ አስተምሯል (ያዕ. ፭፥፬)። ይህ ትምህርት ለቡና ሀገር የተጻፈ ያህል ይቀርባል። በሚዛን ላይ ከለቃሚው ኪሎ የቀነሰ፣ የጀማሪውን ደመወዝ ወር እያሳለፈ ያስቀረ ሰው ለቤተ ክርስቲያን ሕንፃ በሚሰጠው ስጦታ ያንን ሊያካክስ አይችልም። ዐሥራት የሚወጣው ከራስ ገንዘብ እንጂ ከሌላው ደመወዝ አይደለም።

ቤተ ክርስቲያን ስለ ሥራ የምታስተምረው

ሥራ የኃጢአት ቅጣት እንደሆነ አድርጎ ማሰብ በብዙዎች ዘንድ አለ። ይህ ስሕተት ነው። አዳም ገነትን እንዲያበጅና እንዲጠብቅ የታዘዘው ከውድቀት አስቀድሞ ነው (ዘፍ. ፪፥፲፭)። ከበደል በኋላ የመጣው ድካሙና እሾሁ እንጂ ሥራው አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ የወንጌል መምህር ሳለ ድንኳን እየሰፋ ይተዳደር ነበር (የሐዋ. ፲፰፥፫)። አባ እንጦንስ በበረሃ ስልቸት በያዘው ጊዜ መልአክ በሰው አምሳል ተገልጦ ተቀምጦ ገመድ ሲታታ፣ ተነሥቶ ሲጸልይ፣ ደግሞም ወደ ሥራው ሲመለስ እንዳሳየው አበው ይተርካሉ። በአንድነት ገዳሞቻችንም መነኰሳት ጸሎቱን ከእርሻውና ከልዩ ልዩ ተግባረ ቤት ጋር አስማምተው ይኖራሉ። በጣና ዳር ባለችው በዘጌ ደግሞ የቡናው ደን ከገዳማቱ ሕይወት ጋር የተያያዘ ነው፤ የአካባቢው ትውፊት የቡናውን መገኘት ከአቡነ በትረ ማርያም በትር ጋር ያገናኘዋል። ቡናና ምናኔ በአንድ ስፍራ ለዘመናት ኖረዋል።

የአብነት ተማሪውም ምሳሌ ይሆናል። ቅኔውን፣ ዜማውን፣ ትርጓሜውን ለማወቅ ዓመታት ይፈጃል፤ በመካከሉ ደበሎ ለብሶ፣ ቁራሽ ለምኖ፣ ቆብ ሰፍቶ፣ ብራና ፍቆ ይኖራል። የትናንቱ ጀማሪ ነገ የሚያስተምረው ያንን የጅማሮ ዘመን ስላልናቀ ነው።

ሆኖም ቤተ ክርስቲያን ሥራ ያጣውን ሰው አትወቅስም። በወይኑ ቦታ ሠራተኞች ምሳሌ (ማቴ. ፳፥፩-፲፮) ባለቤቱ በዐሥራ አንደኛው ሰዓት ወጥቶ ሥራ ፈትተው የቆሙትን ሲጠይቃቸው የሚቀጥራቸው እንዳጡ ነገሩት። እርሱም አልገሠጻቸውም፤ ወደ ሥራ ላካቸው። በዚህ ምሳሌ ውስጥ ለሁለቱም ወገን ትምህርት አለ። ቆመው የነበሩት በቤታቸው ተኝተው አልጠበቁም፤ ቀኑ ቢመሽም ሥራ በሚገኝበት አደባባይ ነበሩ። ባለቤቱም ሠራተኛ ይመጣልኛል ብሎ አልተቀመጠም፤ በቀን ውስጥ አምስት ጊዜ ወጣ። ዛሬ ወጣቶቻችንን «ለምን ትቆማላችሁ?» የምንል ሰዎች በቀን ስንት ጊዜ እንወጣለን?

በቡናው ዙሪያ ያልታየ ሥራ

የቡና ችግኝ ከተተከለ በኋላ ፍሬ ለመስጠት ሦስትና አራት ዓመት ይፈልጋል። ያረጀ ቡና ሲጎነደልም እንደገና እስኪያፈራ ባለቤቱ ምርት አጥቶ መታገሥ አለበት። የቡና ገበሬ ልጅ ይህን ከሕፃንነቱ ያውቃል፤ የራሱን ሥራ ግን በመጀመሪያው ዓመት እንዲያፈራለት ይሻል። ከማንኛውም ሙያ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት የችግኝ ዓመታት መሆናቸውን ቢቀበል ከብዙ ተስፋ መቁረጥ ይድን ነበር።

ቡና ደግሞ ለቀማ ብቻ አይደለም። የጅማ ቡና ለረጅም ዘመን በገበያ የሚታወቀው ተደባልቆ በደረቀና ዝቅተኛ ደረጃ በሚሰጠው ጀንፈል ነበር። በአጋሮ አካባቢ ገበሬዎች በኅብረት ሥራ ተደራጅተው እሸቱን ብቻ እየለቀሙ፣ አጥበውና በጥንቃቄ አድርቀው ማቅረብ ሲጀምሩ ግን ነገሩ ተለወጠ። የዱሮሚና ኅብረት ሥራ ማኅበር ቡና እ.ኤ.አ. በ2012 በአፍሪካ ደረጃ በተካሄደ የቅምሻ ውድድር አንደኛ ሆኗል። ዛፉ ያው ነው፤ አፈሩም ያው ነው፤ የተለወጠው አሠራሩ ነው።

ይህ ለውጥ ሙያተኛ ይፈልጋል። የማጠቢያ ጣቢያ ሥራ አስኪያጅ፣ የጥራት ተቆጣጣሪ፣ ቡና ቀማሽ፣ የማሽን ጠጋኝ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበር ሒሳብ ሠራተኛ፣ የችግኝ ጣቢያ ባለሙያ፣ ያረጀ ቡና የሚጎነድል የሠለጠነ ቡድን ያስፈልጋል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያጸደቀው የደን ጥበቃ ሕግ፣ ተግባራዊነቱ ቢዘገይም፣ ወደ ገበያው የሚገባ ቡና የተመረተበት ማሳ በካርታ እንዲታወቅ ይጠይቃል። ማሳ በስልክ መለካትና መመዝገብ የሚችል ወጣት በየቀበሌው ያስፈልጋል ማለት ነው።

የምርምርም ታሪክ አለን። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ አድርቅ በሽታ በሀገራችን ተከስቶ ማሳዎችን ሲያወድም በጅማ አጠገብ የሚገኘው የመልኮ የምርምር ማእከል በሽታውን የሚቋቋሙ ዛፎችን ከየጫካው እየመረጠ ለገበሬው ማድረስ ችሏል። ዛሬ ገበሬው 74110፣ 74112 እያለ በቁጥር የሚጠራቸው ዝርያዎች የዚያ ሥራ ፍሬ ናቸው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች እ.ኤ.አ. 1974ን ያመለክታሉ። ጫካ ለጫካ ተጉዘው ያንን የሠሩ ባለሙያዎች ዲግሪያቸውን ከማሳው ጋር አገናኝተዋል።

ከማን ምን ይጠበቃል?

ወጣቶች የመጀመሪያ ሥራቸውን የሕይወታቸው መጨረሻ አድርገው እንዳያዩት እንመክራለን። አነስተኛም ቢሆን ሐቀኛ ሥራ ሲገኝ ጀምሮ፣ በተጀመረው ላይ ሙያ መጨመር ከመጠበቅ ይሻላል። ከመጀመሪያው ደመወዝ ጀምሮ በዕቁብም ሆነ በባንክ መቆጠብን መልመድ ያስፈልጋል። በጅማና በአካባቢዋ የሚኖር ወጣት አፋን ኦሮሞን አጥርቶ ቢያውቅ ለሥራው ብቻ ሳይሆን ለወንጌል አገልግሎቱም ይጠቅመዋል፤ ቋንቋውን የማያውቅ ቢኖር ጊዜ ሳያጠፋ ይማር።

አገልግሎትንና ሥራን የሚያጣሉም አሉ። አንዳንዱ ከሥራ ለመሸሽ በአገልግሎት ይሸሸጋል፤ አንዳንዱ ሥራ ሲይዝ ከቤተ ክርስቲያን ይጠፋል። ሁለቱም አይገቡም። በለቀማው ወራት ውስጥ ጾመ ጽጌም ጾመ ነቢያትም አሉ፤ ማሳ የሚውል ወጣት ጾሙን፣ ጸሎቱንና የሰንበት ቅዳሴውን ከድካሙ ጋር እንዴት እንደሚያስማማ ከንስሓ አባቱ ጋር ይምከር።

ወላጆች ልጃቸውን ከጎረቤት ልጅ ጋር እያነጻጸሩ በሥራው ዓይነት ከማሳፈር ይጠበቁ። ማሳ ያለው አባት ልጁን እንደ ለቃሚ ብቻ ሳይሆን እንደ ባለድርሻ ቢያየው፣ ጥቂት ዛፎችን ለይቶ በራሱ ኃላፊነት እንዲያለማቸው ቢሰጠው ልጁ ማሳውን በሌላ ዓይን ያየዋል።

የሰበካ ጉባኤያትና የሰንበት ትምህርት ቤቶች ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ መሥራት ይችላሉ። በአጥቢያው ያሉ ባለሙያዎችንና ቀጣሪዎችን መመዝገብ፣ ለእያንዳንዱ አዲስ ተመራቂ አንድ በሙያው የቆየ ምእመን እንደ ታላቅ ወንድም ወይም እንደ ታላቅ እኅት መመደብ፣ በዓመት አንድ ቀን የሠራተኛን መብትና ግዴታ የሚያስረዳ የሕግ ባለሙያ መጋበዝ፣ የማመልከቻ አጻጻፍና የሒሳብ አያያዝ ማሠልጠን ይቻላል። የግቢ ጉባኤ ተመራቂዎች ምርቃት ከዝማሬና ከስጦታ አልፎ፣ ተመራቂው የት እንደሚሄድና ማን እንደሚቀበለው ተመዝግቦ ለሚሄድበት አጥቢያ የሚላክበት ቢሆን፣ ብዙዎችን ከመጥፋት ይታደጋል።

ባለሀብት ምእመናንም በዓመት አንድና ሁለት ጀማሪዎችን በሐቀኛ ደመወዝ ተቀብሎ ማሠልጠንን እንደ ምጽዋት ሳይሆን እንደ ግዴታ ቢይዙት መልካም ነው። የተራበን አንድ ቀን ማብላት ጽድቅ ከሆነ ሠርቶ ዕድሜውን ሙሉ እንዲበላ ማድረግ ምን ያህል ይበልጥ!

በቡና ሀገር የሚኖር ወጣት የሚሠራው አጥቶ እንዳይቆም፣ የሠራውም ዋጋው እንዳይቀርበት መትጋት የሁላችን ድርሻ ነው። አዳምን ገነትን ያበጅ ዘንድ ያከበረው አምላክ የልጆቻችንን የእጅ ሥራ ይባርክልን፤ ቀጣሪውን ልበ ቅን፣ ጀማሪውን ትዕግሥተኛ ያድርግልን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።